ሜሩን በካርታ ላይ መፈለግ፤ ስለ ሕንድ አፈ ታሪካዊ መልክዐ ምድርና ስለ አንባቢዎቹ

የሂንዱና የቡድሃ ሃይማኖት መጻሕፍት ስለ ዓለም አቀማመጥ የሚተርኩት ነገር ካለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ወዲህ ተርጓሚ በዝቶለታል፤ የሚያነበው ሰው ግን ጎድሎታል። ነገሩን የመረመሩት ሊቃውንት በአብዛኛው በሁለት ወገን ተከፍለው ይታያሉ። አንደኛው ወገን ሜሩ የተባለውን ተራራ፣ ሰባቱን ደሴቶችና ሰባቱን ባሕሮች በጂኦግራፊ ካርታ ላይ ለመትከል ይደክማል። ሁለተኛው ወገን ይህን ድካም ከንቱ ነው ብሎ ከነቀፈ በኋላ ነገሩን ሁሉ «ምሳሌ» በሚል አንድ ቃል ይዘጋዋል። በአንደኛውም ሆነ በሁለተኛው መንገድ ከመጻሕፍቱ ውስጥ አንድ ትልቅ ጉዳይ ሳይነካ ይቀራል፤ ይኸውም ይህን መልክዐ ምድር በቃሉ የሚደግመው ሰው ራሱን በየትኛው ሥፍራ እንዳስቀመጠ ነው። ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ፈጽሞ የራቀ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ወገን የነበረ አንድ ሰው ከእነዚህ ደሴቶች አንዱን በኢትዮጵያ ምድር ላይ አሳርፎት ነበርና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፑራና ከሚባሉት መጻሕፍት መካከል ነገሩን አጥርቶ የሚናገረው ቪሽኑ ፑራና ነው። እንደ እርሱ አነጋገር በምድር መካከል ጃምቡድቪፓ የሚባል ክብ ደሴት አለ፤ ስፋቱም 100,000 ዮጃና ነው። ዮጃና የመንገድ ልክ ሲሆን መጠኑ በየመጽሐፉ ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከ8 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ይገመታል። ጃምቡድቪፓን የጨው ባሕር ይከብበዋል። የጨውን ባሕር ፕላክሻ የተባለው ደሴት እንደ ቀለበት ይዞራል፤ ፕላክሻንም የሸንኮራ ጭማቂ ባሕር ይከብበዋል። ቀጥሎ ሻልማሊ ከአስካሪ መጠጥ ባሕሩ ጋር፣ ኩሻ ከቅቤ ባሕሩ ጋር፣ ክራውንቻ ከእርጎ ባሕሩ ጋር፣ ሻካ ከወተት ባሕሩ ጋር፣ በመጨረሻም ፑሽካራ ከንጹሕ ውሃ ባሕሩ ጋር አንዱ አንዱን እየዞረ ይገኛል። እያንዳንዱ ደሴት ከፊተኛው እጥፍ ስለሆነ ሰባተኛው 6,400,000 ዮጃና ይደርሳል። ከሁሉም ወዲያ ሎካሎካ የተባለው ተራራ ብርሃንንና ጨለማን ይለያል።

የባሕሮቹ ዝርዝር ብዙ አውሮፓውያንን አስቆአል። ቶማስ ማኮሌ በ1835 ስለ ሕንድ ትምህርት በጻፈው ማስታወሻ የቅቤና የሸንኮራ ባሕሮችን እያነሣ ካላገጠ በኋላ የመንግሥት ገንዘብ ለእንግሊዝኛ ትምህርት እንጂ ለሳንስክሪትና ለዓረብኛ መጻሕፍት እንዳይወጣ ተከራክሮአል፤ ክርክሩም ተሰምቶለታል። አንድ የመልክዐ ምድር ትረካ የአንድን ሕዝብ የትምህርት ዕድል እስከ መወሰን የደረሰበት ጊዜ ስለነበረ፣ አነባበቡ የጥቂት መጻሕፍት ወዳጆች ጨዋታ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ማኮሌ ሳንስክሪት አያውቅም ነበር፤ አለማወቁንም ራሱ በዚያው ማስታወሻ ተናግሮአል። የሕንድን የአምልኮ ሥርዓት አይቶ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ቅቤው፣ እርጎውና ወተቱ ከጓዳ ሳይሆን ከመሥዋዕት ሥፍራ የመጡ መሆናቸውን በተገነዘበ ነበር። ቄሱ በየቀኑ በእሳት ላይ የሚያፈሰውን ነገር ነው መጽሐፉ በዓለም ዳርቻ ባሕር አድርጎ ያስቀመጠው።

በጃምቡድቪፓ መካከል የወርቅ ተራራ የሆነው ሜሩ ቆሞአል። ከምድር በላይ 84,000፣ ከምድር በታች 16,000 ዮጃና ነው። የራሱ ስፋት 32,000፣ የእግሩ ስፋት ግን 16,000 ዮጃና ብቻ ስለሆነ ከታች ጠቦ ከላይ ይሰፋል፤ መጽሐፉም ራሱ በሎተስ አበባ እምብርት ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ተራራ በዓይኑ አይቶ የተመለሰ መንገደኛ እንደማይኖር ለመረዳት የጂኦግራፊ ትምህርት አያስፈልግም። ከሜሩ በስተደቡብ ሦስት፣ በስተሰሜንም ሦስት የተራራ ሰንሰለቶች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተዘርግተው ደሴቱን በየአገሩ ይከፋፍሉታል፤ አገሮቹ በጠቅላላው ዘጠኝ ናቸው። ከሁሉም በስተደቡብ ጫፍ፣ በሂማላያና በባሕር መካከል የምትገኘው ባራታ ናት። ሕንዶች ዛሬም አገራቸውን በዚህ ስም ይጠሩአታል፤ በ1950 የጸናው ሕገ መንግሥታቸውም ስሙን ከመጀመሪያው አንቀጽ ላይ አስፍሮታል።

ይህ ሥዕል ብቻውን አይደለም። በማሃባራታ ስድስተኛ መጽሐፍ ውስጥ በሜሩ ዙሪያ እንደ አበባ ቅጠል የተቀመጡ አራት ደሴቶች ይገኛሉ፤ ብዙዎቹ ሊቃውንት ከሰባቱ ቀለበት ይልቅ ቀደም ያለው ይህ ነው ይላሉ። ቡድሃውያን የያዙት የአራቱን ሥርዓት ነው። ቫሱባንዱ አቢዳርማኮሻ በተባለው መጽሐፉ እንደ ጻፈው ሜሩን ቁመታቸው በየተራ በግማሽ እየቀነሰ የሚሄድ ሰባት የተራራ ቀለበቶች ይከብቡታል፤ ከእነዚህ ውጭ በታላቁ ባሕር ላይ በምሥራቅ የግማሽ ጨረቃ፣ በምዕራብ የክብ፣ በሰሜን የአራት ማዕዘን ቅርጽ ያላቸው ደሴቶች አሉ። በደቡብ ያለው ጃምቡድቪፓ ሦስት ጎኖቹ እያንዳንዳቸው 2,000 ዮጃና ሲሆኑ አራተኛው ጎኑ 3 ዮጃና ተኩል ብቻ ነው። የሰዎቹም ፊት በየደሴታቸው ቅርጽ የተሠራ ነው ይላል። እዚህ ላይ የሜሩ ቁመት 84,000 ሳይሆን 80,000 ሆኖአል፤ ጃምቡድቪፓም የዓለም እምብርት መሆኑ ቀርቶ ከአራቱ ደሴቶች አንዱ ብቻ ሆኖአል። ዊሊባልድ ኪርፌል የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1920 ባሳተመው መጽሐፍ የብራህማኖቹን፣ የቡድሃውያኑንና የጃይናዎቹን ሥርዓት ጎን ለጎን አቅርቦአል። ብዙም ሳያብራራ ምንባቡን መደርደሩን እንደ ጉድለት የቆጠሩበት አሉ፤ ነገር ግን ከእርሱ በኋላ ከተጻፉት ብዙ ማብራሪያዎች ይልቅ የእርሱ ዝርዝር ጠቅሞአል። የሦስቱን ልዩነት በአንድ ገጽ ላይ ያየ ሰው ከሦስቱ የትኛውን በካርታ ላይ እንደሚያሳርፍ ቆም ብሎ ማሰቡ አይቀርምና።

ፍራንሲስ ዊልፎርድ ግን ቆም ብሎ አላሰበም። ይህ ሰው ትውልዱ ከጀርመን አገር ሲሆን በቤንጋል የእንግሊዝ ጦር ውስጥ የመሐንዲስ መኮንን ሆኖ አገልግሎ በቫራናሲ ከተማ የኖረ ነው። በ1792 በካልካታ በሚታተመው የእስያ ምርምር መጽሔት ሦስተኛ ቅጽ ላይ ግብፅና በናይል ወንዝ ዳር ያሉ አገሮች በሂንዱ መጻሕፍት እንዴት እንደ ተጠቀሱ የሚያትት ረጅም ጽሑፍ አወጣ። በጽሑፉም ኩሻድቪፓን የኩሽ ልጆች ምድር አድርጎ ለሁለት ከፈለው፤ ውስጠኛው በእስያ፣ ውጭኛው ደግሞ ሐበሻና ኢትዮጵያ ነው አለ። የናይል ወንዝ የሚነሣበትን ሐይቅ፣ የጨረቃን አገርና በዳርቻው ያሉትን ሥፍራዎች ሁሉ የሳንስክሪት ስም እየሰጠ በካርታ ሣላቸው። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት የነበረው ታላቁ የሳንስክሪት ሊቅ ዊሊያም ጆንስ ጽሑፉን የሚደግፍ ማስታወሻ ስላከለበት በአውሮፓ ዘንድ የነበረው ተቀባይነት ከፍ ያለ ሆነ።

ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር ከምንባቡ መጀመር ይበቃ ነበር። በቪሽኑ ፑራና ኩሻ አራተኛው ቀለበት ነው። ከጃምቡድቪፓ ተነሥቶ ወደ ኩሻ ለመድረስ የጨውን ባሕር፣ የሸንኮራውን ባሕርና የመጠጡን ባሕር መሻገር፣ በመካከሉም ሁለት ደሴቶችን ማለፍ ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ ቀለበት እንደ መሆኑ ምሥራቁንም ምዕራቡንም ይዞራል እንጂ በአንድ ወገን ብቻ አይገኝም። ዊልፎርድ ይህን ቀለበት ቆርጦ አንዱን ቁራጭ በአፍሪካ ላይ አኖረው፤ የቀረው ወዴት እንደ ሄደ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ስሙም ቢሆን አያስጠጋም። ኩሻ በሳንስክሪት የሣር ስም ነው፤ ቄሶቹ በመሥዋዕት ሥፍራ የሚጎዘጉዙት ሣር ነው። ደሴቱም ጃምቡ በጃምቡ ዛፍ፣ ሻካ በሻካ ዛፍ እንደ ተሰየሙ በዚሁ ሣር ተሰየመ። የዕብራይስጡ ኩሽ በግሪኩ ትርጉም «ኢትዮጵያ» ተብሎ ወደ ግእዙ መጽሐፍ ቅዱስ የገባበት መንገድ ሌላ ነው። በሁለቱ ቃላት መካከል ከድምፅ መመሳሰል በቀር የሚያገናኝ ነገር የለም።

የበለጠ አሳዛኙ ነገር ግን ዊልፎርድ የጠቀሳቸው ብዙዎቹ ቦታዎች በመጻሕፍቱ ውስጥ ጨርሶ አለመኖራቸው ነው። ዊልፎርድ ከእርሱ ጋር ለሚሠራው ፓንዲት የግሪክንና የግብፅን አፈ ታሪክ ተርኮ ተመሳሳዩን ከፑራናዎቹ እንዲፈልግለት ያዝዘው ነበር። ፓንዲቱም የተፈለገውን አመጣለት፤ በመጽሐፉ ውስጥ ባጣው ጊዜ ስሞቹን እየለወጠ፣ ገጾችን እየተካ፣ ትረካም እየደረሰ ጻፈለት። ዊልፎርድ ከብዙ ዓመታት በኋላ የብራናዎቹን ቀለም አለመመሳሰል አይቶ ነገሩን ደረሰበትና በ1805 በዚያው መጽሔት ስምንተኛ ቅጽ ላይ መታለሉን በግልጥ አሳወቀ። ፓንዲቱ በተከሰሰ ጊዜ ብራናዎቹ እውነተኛ ናቸው ብለው የሚምሉለት አሥር ብራህማኖች ይዞ እንደ ቀረበ ዊልፎርድ ይተርካል።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የአንድ አጭበርባሪ ጸሐፊ ታሪክ ተደርጎ ነው። እንዲህ ብሎ ማለፍ ግን ለጠያቂው ማድላት ይሆናል። ፓንዲቱ የሰጠው መልስ በሙሉ በጥያቄው ውስጥ ነበረ፤ የሚፈለገው ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ተነግሮታል፣ ደመወዙም በዚያው ላይ ቆሞአል። መዝገብና እርሳስ ይዞ ወደ ገጠር ወጥቶ «እንዲህ ያለ ተረት በእናንተም ዘንድ አለን?» ብሎ ሽማግሌ የሚጠይቅ ተማሪ ከዊልፎርድ የሚለየው በአጠያየቁ ጥንቃቄ ብቻ ነው። ለእንግዳ «የለም» ብሎ መመለስ ነውር በሚሆንበት አገር ተረት ፈላጊ ተረት አያጣም።

ማስተባበያው ከታተመ ከ55 ዓመት በኋላ፣ በ1860፣ ጆን ሃኒንግ ስፒክ የናይልን ምንጭ ፍለጋ ሲነሣ በዛንዚባር የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ኮሎኔል ሪግቢ ይህንኑ የዊልፎርድን ጽሑፍ ከነካርታው ሰጠው። ስፒክ በ1863 ባሳተመው መጽሐፉ አንባቢዎቹን ወደዚሁ ጽሑፍ መራቸው፤ የወንዙ ምንጭ በሂንዱዎች ዘንድ አማራ መባሉን፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ሰሜን ምሥራቅ ጥግም በዚሁ ስም የሚጠራ አገር መኖሩን እያነሣ ተደነቀ። አማራ በሳንስክሪት «የማይሞት» ማለት ነው፤ ለአማልክት የሚሰጥ ቅጽል ነው። ስፒክ ግን ስሙን በመንገዱ ላይ ስላገኘው በቃው። የኢትዮጵያ አንባቢ በዚህ ብዙ አይደነቅ ይሆናል። የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት የግሸን አምባ ወሬ በአውሮፓ «የአማራ ተራራ» የሚባል የምድር ገነት ሆኖ ሚልተን በ1667 ባሳተመው ግጥም ውስጥ እስከ መግባት ደርሶ ነበርና፣ የሌላ ሰው ሕልም በገዛ አገር ተራራ ላይ ሲጫን ማየት አዲስ አይደለም።

ከሕንዶቹ ወገንም ይኸው መንገድ ተከታይ አላጣም። ኤስ. ኤም. አሊ የተባለው የጂኦግራፊ ሊቅ በ1966 ስለ ፑራናዎቹ ጂኦግራፊ ባወጣው መጽሐፍ ሜሩን በፓሚር ተራሮች አኑሮ ለየደሴቱ ከታወቀችው ምድር አንድ አንድ ክፍል አድሎአል። ሥራው ከዊልፎርድ ሥራ ጋር በአንድ ሚዛን የሚቀመጥ አይደለም፤ በተለይ ስለ ባራታ ወንዞችና ተራሮች የጻፈው ክፍል ጠቃሚ ነው፤ እዚያ ላይ ፑራናዎቹ ራሳቸው የሚያውቁትን አገር ስለሚናገሩ። ከባራታ በወጣ ቁጥር ግን የአየር ጠባይንና የዛፍ ዓይነትን እየተደገፈ የሚያቀርበው ማስረጃ እየሳሳ ይሄዳል። ከሁሉ የሚያስቸግረው የቀለበቶቹን ቅርጽና እጥፍ እየሆነ የሚሄደውን ልክ እንደ ጌጥ ቆጥሮ መተዉ ነው። ጌጡ ከተወገደ በኋላ የሚቀረው የስሞች ዝርዝር ነው፤ ለስም ዝርዝር ደግሞ ቦታ አይጠፋም።

የካይላስ ነገር ከዚህ ይልቅ ይከብዳል፤ በእርግጥ የሚታይ ነገር አለና። በቲቤት ምዕራብ 6,638 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ተራራ ከማናሳሮቫር ሐይቅ አጠገብ ቆሞአል፤ ከአካባቢውም አራት ታላላቅ ወንዞች ይነሣሉ፤ እነርሱም ኢንዱስ፣ ብራህማፑትራ፣ ሱትሌጅና ወደ ጋንጅስ የሚገባው ካርናሊ ናቸው። የቡድሃ መጻሕፍት ከአናቫታፕታ ሐይቅ አራት ወንዞች ከአራት እንስሳት አፍ ይወጣሉ ይላሉ። በሰባተኛው መቶ ዓመት ከቻይና ወደ ሕንድ የተጓዘው መነኩሴ ሹዋንዛንግ ጋንጅስን ከበሬ፣ ኢንዱስን ከዝሆን፣ ኦክሰስን ከፈረስ፣ ሲታን ከአንበሳ አፍ ያወጣቸዋል። የቲቤት ሰዎች ግን ኢንዱስን ከአንበሳ፣ ሱትሌጅን ከዝሆን፣ ብራህማፑትራን ከፈረስ፣ ካርናሊን ከጣዎስ አፍ ያወጣሉ። እንስሳቱ ሲዛወሩ፣ ወንዞቹም ሲለዋወጡ አራት መሆናቸው ብቻ ሳይነቃነቅ ይኖራል። ይህም የሚያሳየው ቁጥሩ አስቀድሞ እንደ ነበረና ወንዞቹ በኋላ እንደ ተመረጡለት ነው። አሌክስ መኬይ በ2015 ባሳተመው ጥናት ካይላስ የሁሉ ሃይማኖት የዓለም መካከል ነው የሚለው አስተሳሰብ በአሁኑ መልኩ የቅርብ ዘመን ሥራ መሆኑን በሰፊው አስረድቶአል። ከአንድ ገነት ፊሶን፣ ግዮን፣ ጤግሮስና ኤፍራጥስ ሲወጡ ያነበበና ግዮንን ዓባይ ብሎ የሚጠራ ሕዝብ ይህን ነገር ለመረዳት ከማንም ይልቅ የቀረበ ነው፤ «እንግዲያስ ሁለቱ አንድ ናቸው» ብሎ ለመዝለልም እንዲሁ የቀረበ ስለሆነ መጠንቀቅ ይገባዋል።

ሁለተኛው ወገን ከዚህ ሁሉ ስሕተት የጸዳ ይመስላል። ሮበርት ሃይነ ጌልደርን በ1942 ባወጣው ጽሑፍ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ነገሥታት ከተማቸውንና ቤተ መንግሥታቸውን በሜሩ አምሳያ እንደ ሠሩ ሲያስረዳ ለብዙ ተመራማሪዎች ዓይን ከፍቶአል። በዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በካምቦዲያ በተሠራው የባኬንግ ቤተ መቅደስ ላይ 109 ግንቦች አሉ፤ 108ቱ በመካከለኛው ዙሪያ ቆመዋል። ዣን ፊሊዮዛ በ1954 እንዳመለከተው ከአንዱ ጎን መካከል ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው የሚታዩት 33 ብቻ ናቸው፤ በሜሩ ራስ ላይ የሚኖሩትም አማልክት 33 ናቸው። የአንኮር ዋት አምስት ግንቦችና ዙሪያውን ያለው የውሃ ቦይ በዚሁ መንገድ ተነበዋል። ይህ ጥናት የሚደነቅ ነው፤ ድንጋዩና ቁጥሩ ስለሚመሰክሩለት።

ጉድለቱ የሚጀምረው ከቤተ መቅደሱ ወደ መጽሐፉ ሲመለስ ነው። ንጉሡ ሜሩን በከተማው መካከል ስለ ሠራ መልክዐ ምድሩ ሁሉ ስለ «መካከል» የተነገረ ትምህርት ነው ተብሎ ተደመደመ፤ ከዚያም ሜሩ ከየአገሩ የተቀደሰ ተራራ፣ ከየአገሩ የዓለም ምሰሶ ጋር በአንድ ገመድ ታሰረ። ንጉሥ በመካከል መቀመጥ የሚወድ መሆኑ የታወቀ ነው። መጻሕፍቱን የሚደግመው ሰው ግን በመካከል አልተቀመጠም። በቪሽኑ ፑራና ሰው ያለው ከሜሩ በስተደቡብ፣ ከተራሮቹ ሁሉ ወዲህ፣ በባሕሩ ዳር በባራታ ነው። ከእርሱ በስተሰሜን ባሉት ስምንት አገሮች ኀዘን፣ ድካም፣ ረኀብና ፍርሃት የለም፤ ሰዎቹ ዐሥርና ዐሥራ ሁለት ሺህ ዓመት ይኖራሉ፤ ውሃ ከምድር ስለሚፈልቅ ዝናም አይጠብቁም። ዘመን የሚከፋው፣ ሰው የሚሞተው፣ ደመና የሚናፈቀው በባራታ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ባራታን «የሥራ ምድር» ይላታል። ሥራ ፍሬ የሚያፈራው፣ ሰውም ወደ ሰማይ ወይም ወደ አርነት መንገድ የሚጀምረው ከእርስዋ ብቻ ስለሆነ አማልክት እንኳ በዚያ መወለድን ይመኛሉ ይላል።

ቡድሃውያን ይህንኑ ነገር በራሳቸው መንገድ አጥብቀው ይዘውታል። በሰሜኑ ደሴት በኡታራኩሩ ሰው ሁሉ 1,000 ዓመት ይኖራል፤ «የእኔ ነው» የሚለው ንብረት የለውም። ቡድሃ ግን በዚያ አይወለድም፤ የሚወለደው ዕድሜ በማይታወቅባት በጃምቡድቪፓ ነው። የብርሃን ማግኛው የአልማዝ ወንበርም የሚገኘው በሜሩ ራስ ሳይሆን በዚህችው በደቡብ ደሴት መካከል፣ በቦድ ጋያ ነው። እንግዲህ ሁለት መካከሎች አሉ ማለት ነው፤ አንደኛው የአማልክት፣ ሁለተኛው የሰው። ይህን ልዩነት የሚያይ አንባቢ ኡታራኩሩን በሳይቤርያ የሚፈልግበት ምክንያት አይኖረውም፤ በደፈናው «የዓለም ምሰሶ» ብሎም አያልፍም። ደስታና አርነት በአንድ ሥፍራ እንደማይገኙ የሚናገር ሕዝብ ይህን በካርታ መልክ የተናገረ ስለሆነ የካርታው ጠቃሚ ክፍል ዳርቻው ነው። ከነገሥታቱ መካከል ይህን ቃል ለገዛ ምድሩ ስም አድርጎ የተጠቀመ ነበረ። አሾካ በሦስተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ባስቀረጸው ዐዋጅ ጃምቡድቪፓ ሲል የተናገረው ሰው ስለሚረግጠው ምድር ነው።

ሕንዶች ይህን ሁሉ ሳይመረምሩ እንደ ተቀበሉት አድርጎ ማቅረብ ሌላ ስሕተት ነው። አርያባታ በ499 ገደማ በጻፈው መጽሐፉ ምድር ድቡልቡል መሆንዋን አስተምሮ ሜሩን ወደ ሰሜን ዋልታ አወጣው፤ ቁመቱንም ከ84,000 ወደ 1 ዮጃና ዝቅ አደረገው። በዋልታ ስድስት ወር ቀን፣ ስድስት ወር ሌሊት ስለሆነ የአማልክት አንድ ቀን የሰው አንድ ዓመት ነው የሚለው የቆየ ቃል በዚህ ስሌት ያለ ችግር ገጠመ። ላላ በስምንተኛው መቶ ዓመት ምድር ዝርግ ብትሆን ረጃጅም ዛፎች ከሩቅ ለምን አይታዩም ሲል ጠየቀ። ሁለተኛው ባስካራም በ1150 ሌሊትን የሚያመጣው ፀሐይን የሚጋርደው የወርቅ ተራራ ከሆነ ተራራው ራሱ ስለምን አይታይም አለ። ከአርያባታ ጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ፣ በካሌብ ዘመን፣ በአዱሊስ ወደብ የግሪኩን ጽሕፈት የገለበጠው ነጋዴ ኮስማስ ምድር ድቡልቡል ናት የሚሉትን በብርቱ ሲነቅፍ እንደ ነበረ ለሚያስታውስ፣ ምሥራቅን የተረት ምዕራብን የስሌት አገር አድርጎ መከፋፈሉ እንደማያዋጣ ግልጥ ነው።

ክርክሩ በቅርቡም ዘመን ነደደ። በሲሎን ደሴት በ1873 በፓናዱራ በተደረገው የሚስዮናውያንና የቡድሃ መነኮሳት የአደባባይ ሙግት ሜሩ አለ ወይስ የለም የሚለው ጥያቄ ተነሥቶአል። በጃፓን ፉሞን ኤንጹ የተባለው መነኩሴ በ1810 ባሳተመው መጽሐፍ የሜሩን ዓለም በሥነ ፈለክ ስሌት ለማስረዳት ተነሥቶ ነበር። በሲያም ግን የመንግሥት ባለሥልጣን የነበረው ቲፓኮራዎንግ በ1867 አሮጌውን የዓለም ሥዕል ትቶ ሃይማኖቱን ያለ እርሱ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ፤ በማግሥቱ ዓመት ንጉሥ ሞንግኩት አስቀድሞ ያሰላው የፀሐይ ግርዶሽ በተባለው ቀን ታየ። የጃፓኑ መነኩሴ ሜሩን በስሌት ለማዳን ሲደክም የሲያሙ ባለሥልጣን ሃይማኖቱን ከሜሩ ለየው። ይህን አማራጭ ከማንም ሳይጠብቁ ራሳቸው አይተውታል።

ዛሬም በሕንድ አገር የቤቱን ሥርዓት የሚጀምር ብራህማን ውሃ በእጁ ይዞ አድራሻውን ይናገራል። ዘመኑን ከጠራ በኋላ በጃምቡድቪፓ፣ በባራታ አገር፣ ከሜሩ በስተደቡብ ብሎ የሚኖርበትን ከተማና የዕለቱን ቀን ያስከትላል። ሳንካልፓ የሚባለው ይህ ንግግር የሚጠናቀቀው በተናጋሪው ስምና ሊሠራ በተነሣው ሥራ ነው። አሥራ አራተኛው ዳላይ ላማ በ2005 ባሳተመው መጽሐፍ ከሳይንስ ማስረጃ ጋር የማይስማሙ የአቢዳርማ የዓለም ትምህርቶች መተው እንዳለባቸው ጽፎአል። ይህም ሆኖ የቲቤት መነኮሳት በየማለዳው በክብ ሳሕን ላይ ሩዝ ይቆልላሉ፤ በመጀመሪያ በመካከል ለሜሩ፣ ቀጥሎ ለአራቱ ደሴቶች አራት ቁልል፤ ከዚያም ሩዙን ሁሉ በአንድነት ጠርገው እንደ ገና ይጀምራሉ።